ሶፍትዌርንና አፕዴትን ከአንድ ማዕከል ስለማሰራጨት፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ አስተዳዳሪ እንደመሆኔ፣ ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ 60 ኮምፒውተሮቻችን አፕዴት የሚያወርዱት በየራሳቸው ነው። አንዳንድ ረቡዕ ጠዋት ኢንተርኔቱ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን የደኅንነት አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ስለሆነ፣ በማግሥቱ ማሽኖቹ ሲከፈቱ አንዱን ፋይል 60 ጊዜ ከውጭ ይጎትቱታል። ዊንዶውስ ሰርቨር ካላችሁ፣ አብሮት የሚመጣውን፣ አፕዴት ከማይክሮሶፍት ተቀብሎ ለውስጥ ማሽኖች የሚያከፋፍለውን ደብልዩ.ኤስ.ዩ.ኤስ (WSUS) የተባለ አገልግሎት አስነሡ፤ ሰርቨሩ ሌሊት አንድ ጊዜ ያወርዳል፣ ማሽኖቹም በውስጥ መስመር በፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) 8530፣ ወይም በተመሰጠረው 8531፣ ከእርሱ ይወስዳሉ። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. አዲስ ነገር እንደማይጨምርበት ቢያስታውቅም ድጋፉን አላቋረጠም፤ መስመሩ ቀጭን በሆነበት ቦታ እኔ ዛሬም የምመርጠው እርሱን ነው። ሆኖም በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. በራሱ በአገልግሎቱ ላይ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ አስቸኳይ መጠገኛ ወጥቶለታልና፣ ሰርቨሩን አስቀድማችሁ አድሱ፤ እነዚህን ፖርቶችም ለኢንተርኔት ፈጽሞ አትክፈቱ።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ 25 ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውስ የጫንነው ከአንድ ቅጂ ነው። በደብልዩ.ኤስ.ዩ.ኤስ ሰርቨሩ የማሽኖች ዝርዝር ላይ ግን የሚታየው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ስሙም በየጊዜው ይለዋወጣል።

መልስ፦ ቅጂው የመጀመሪያውን ማሽን መለያ ቁጥር ይዞ ስለተባዛ፣ ሰርቨሩ ሁሉንም እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። በየማሽኑ የዊንዶውስ አፕዴትን አገልግሎት አቁማችሁ፣ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ «ሰስ ክላየንት አይዲ» (SusClientId) በሚል ስም የተቀመጠውን መለያ ሰርዙና አገልግሎቱን መልሳችሁ አስነሡ፤ አዲስ መለያ በራሱ ይፈጠራል። ለወደፊቱ ቅጂ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ሲስፕሬፕ የተባለውን፣ የማሽኑን ልዩ መለያዎች የሚያጠፋ የዊንዶውስ መሣሪያ አስኪዱ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ አፕዴቶች ሁሉ ሳንነካቸው በሰርቨሩ ላይ በራሳቸው እንዲጸድቁ፣ ማለትም ወደ ማሽኖቹ እንዲሄዱ እንዲፈቀድላቸው ብናደርግስ?

መልስ፦ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። በሐምሌ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የለቀቀው አንድ የተሳሳተ የአፕዴት ፋይል 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን ከሥራ ውጭ አድርጓል። እኔም አንድ ጊዜ ሳልፈትን ያለፍሁት አፕዴት የሒሳብ ክፍሉን ማተሚያዎች በደመወዝ ሰሞን አስቁሞብኝ፣ ባልደረቦቼ ደመወዛቸውን ሲጠብቁ ማየቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ማዘግየትም የባሰ አደጋ አለው፤ በግንቦት 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የገባበት ቀዳዳ መጠገኛ የወጣለት በመጋቢት 14 ነበር፣ ሁለት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ከሒሳብ፣ ከመዝገብ ቤትና ከኃላፊዎች ቢሮ የተውጣጡ፣ ሞዴላቸው የተለያየ አራት አምስት ማሽኖችን በሙከራ ቡድን መድባችሁ አፕዴቱን መጀመሪያ ለእነርሱ ልቀቁ። ሦስት የሥራ ቀን ጠብቁ፤ ማተሚያውና የሒሳብ ሶፍትዌሩ መሥራታቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ለቀሩት አጽድቁ። ጥቃት እየደረሰበት ላለ ክፍተት ግን አንድ ቀን ይበቃል።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ የቢሮ ሶፍትዌር በግሩፕ ፖሊሲ (ለብዙ ማሽኖች ትእዛዝ ከአንድ ሰርቨር በሚሰጥበት የዊንዶውስ ዘዴ) ልናሰራጭ ሞክረን አልጫን አለ። መብራት በመሐል ቢጠፋስ?

መልስ፦ ፋይሉ ኤም.ኤስ.አይ (MSI) የተባለው የዊንዶውስ መጫኛ ዓይነት መሆኑን፣ አድራሻውም የሰርቨሩ የኔትወርክ አድራሻ እንጂ «ዲ» ድራይቭ አለመሆኑን ተመልከቱ። ለማሽን የተመደበ ሶፍትዌር የሚጫነው ማሽኑ ሲነሣ፣ በራሱ በኮምፒውተሩ መለያ ስለሆነ፣ ማህደሩን የማንበብ ፈቃድ ለተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆን ለዶሜኑ፣ ማለትም በአንድነት ለሚተዳደረው ኔትወርክ፣ ኮምፒውተሮችም ስጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። መብራትን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ የተቋረጠን ጭነት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበረበት ቢመልስም ሁልጊዜ አይሳካለትም። ባትሪ የሌላቸውን ዴስክቶፖች ሌሊት ሳይሆን በምሳ ሰዓት፣ ጄኔሬተር የሚያስነሣ ሰው በአቅራቢያ ባለበት ጊዜ እንዲጭኑ መድቡ፤ ላፕቶፖቹ ባትሪ ስላላቸው በሌላ ሰዓት ቢጭኑም ይሆናል።