ጨው ሲያምረን አንጎላችን ውስጥ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ባለፈው «የጨው አምሮትና የአነቃቂ ዕፅ ነገር አንጎል ውስጥ ይገናኛሉ» ብዬ ሳልፈው ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጨውና አምፌታሚን (አነቃቂው ዕፅ) ምን አገናኛቸው?

የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። ኒውክሊየስ አኩምበንስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል እዚያ ሲለቀቅ «ተነሥ፣ ፈልገው» ይላል። በ2002 በወጣ የአሜሪካ ጥናት አይጦችን በሚያሸና መድኃኒት ደጋግመው ጨው አሳጧቸው። ኋላ አምፌታሚን ሲሰጧቸው ጨው አጥተው ከማያውቁት በላይ ተቅበጠበጡ። እዚያው ክፍል ያሉ የነርቭ ሴሎቻቸውም ቅርንጫፋቸው በዝቶ ተገኘ።

ጥያቄ፦ በተገላቢጦሽስ?

ይሠራል። አምፌታሚን የለመዱ አይጦች ጨዋማ ውሃ አብልጠው ጠጡ።

ጥያቄ፦ እና ጨው ሱስ ነው በለና!

ቀስ! መንገዱ መጀመሪያም የጨው ነበር፤ ዕፁ ነው ኋላ መጥቶ የገባበት። ሣር ውስጥ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ትንሽ ነው። ላም አሞሌ ስታይ የምትሮጠው ለዚህ ነው። ወጥ ላይ ጨው ማብዛት ግን በአብዛኛው የምላስ ልማድ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የ2013ቱ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ነው። አንድ ብረት ብቅ ባለ ቁጥር ከባሕር ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል የሚጨው ፈሳሽ አይጦቹ አፍ ውስጥ ይገባል። ብረቱን ሲያዩ ይሸሹ ጀመር። ከዚያ ሰውነታቸው ጨው እንዲያጣ ተደረገ። አሁን ብረቱ ብቅ ሲል ሮጠው ያኝኩታል፣ ይልሱታል። ያ ጨው ሲጥም ገና አንዴም አልቀመሱትም እኮ!

ጥያቄ፦ ጫትስ?

ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱም ዶፓሚን ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ይቀንሳል። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው ወዶ አይደለም። የጨዉ ሙከራ ግን የተሠራው በአምፌታሚን፣ ያውም በአይጥ ላይ ነው። «ቃሚ ሁሉ ጨው ይወዳል» እንዳትሉብኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ ሰሞኑን ጨው በጣቷ ትልሳለች። ድካምም አለባት፣ ስትነሣ ያዞራታል።

ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ አትዘግይ። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ሲዳከሙ ሰውነት ጨው መያዝ ያቅተዋል። በ1940 ሁለት ሐኪሞች ስለ አንድ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ጽፈዋል። ጨው ያለ ልክ ይበላ ነበር። ሆስፒታል አስተኝተው ጨው ሳይጨምሩለት እንደ ማንኛውም ሕፃን መገቡት፤ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ዕጢዎቹ የታመሙ መሆናቸው የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው።

ስለዚህ እስክትመረመር ድረስ ጨዉን ከእጇ አትንጠቃት።