ድዴ የሚደማው ኢሚዩኒቲዬ ወርዶ ነው?

ሰላም ጋሼ እንዴት ኖት፣ ከባህር ዳር ፋሲሎ ነኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ይደማል፣ ጠዋት ምራቄ ራሱ ቀላ ብሎ ነው ሚወጣው፣ የፊት የታችኛው ድዴም አብጦ ያብረቀርቃል፣ ጣና ዳር ፎቶ ስንነሳ አፌን መሸፈን ጀምሬያለሁ። ስለፈራሁ በዛ በኩል መቦረሽ ትቻለሁ። አንዷ ጓደኛዬ ኢሚዩኒቲሽ ወርዶ ነው ስትለኝ ቫይታሚን ገዛሁ፣ ማታ ማታም ዝንጅብል በማር እጠጣለሁ፣ ሌላዋ ደሞ አሞክሳሲሊን ዋጪበት ትላለች። እናቴ ስኳር አለባት፣ ጥርሷ እየተነቃነቀ በጊዜ ነው የረገፈው፣ እንደሷ እንዳልሆን ጨንቆኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ከነገርሽኝ ኢሚዩኒቲሽ የወረደ አይመስለኝም፣ እንደውም እዛ ድድሽ ላይ ስራ በዝቶበታል። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ባክቴሪያ ተጣብቆ ሲከርም፣ ፕላክ የሚሉት ያ ለስላሳ ነጭ ነገር ማለት ነው፣ ሰውነትሽ ነጭ የደም ሴሎቹን ይልካል፣ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። እነሱ እንዲያልፉ የደም ስሮቹ ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ እብጠቱም ቅላቱም ከዛ ነው፣ ብሩሽ ሲነካው የሚደማውም ለዚሁ ነው። ባክቴሪያው ካልተነሳ ግን እነሱም አይመለሱም፣ እሱን ለመግደል የሚረጩት ኢንዛይም የራስሽን ድድ ይበላል፣ ዘበኛ ሌባ ሲያባርር የቤቱን አጥር እንደሚያፈርሰው። ሲቆይ ደሞ ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ይጨመሩና አጥንት የሚያሟሙ ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ፣ ጥርስ መነቃነቅ የሚመጣው ያኔ ነው፣ የሄደ አጥንት በራሱ አይመለስም።

ስለዚህ እባክሽ መቦረሽ አታቁሚ! በፈረንጆቹ 1965 ዴንማርክ ውስጥ የድድ ተመራማሪው ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ ድዳቸው ጤነኛ የሆኑ 12 ሰዎችን ጥርሳችሁን አታጽዱ ብለው ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፣ ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነላቸው። ያንቺም ገና ድዱ ላይ ብቻ ከሆነ ይመለሳል።

ለስላሳ ብሩሽ ግዢ፣ ጠዋትና ማታ ወደ ድዱ ጠርዝ ሰያፍ አድርገሽ ቀስ እያልሽ 2 ደቂቃ፣ መፋቂያም ከሆነ ጫፉን በደንብ አለስልሺው። መጀመሪያ ሰሞን መድማቱ አይቀርም፣ አትደንግጪ። ማሩን ከቦረሽሽ በኋላ አትጠጪው። አሞክሳሲሊኑን ያለሐኪም አትንኪው፣ ፕላክ በኪኒን አይነሳም፣ ጠንክሮ ድንጋይ የሆነውማ በብሩሽም አይለቅም፣ ጥርስ ክሊኒክ ሄደሽ ማስጠረግ ነው። ስኳር ሲበዛ የነጭ ሴሎቹ ስራ ይዛባል ቁጣውም ይብሳል፣ እናትሽ ካለባት አንቺም ተመርመሪ። 2 ሳምንት ቦርሸሽ ካልቆመ፣ ወይ መግል ካየሽ፣ ወይ አንድ ጥርስ እንኳን ከተነቃነቀ ቀን አትቁጠሪ፣ ሂጂና ታዪ።