ፍንጭ መጻፍ እንጀራ ይሆናል ወይ?

«እንግሊዝ አገር የሥነ ልሳን ተማሪ ነኝ። ለክሮስወርድ (ከፍንጭ መልሱን እያገኙ በባዶ ሣጥኖች ላይ ፊደል የሚሞላበት የቃላት እንቆቅልሽ) የፍንጭ ውድድር ሰባት ወር ሙሉ ብልክም አንድም ጊዜ አልተመረጠልኝም። ሥራዬ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ እናቴ ግን ‹ጨዋታ ነው› ትላለች። ሲቪዬ ላይ ልጻፈው? በአማርኛም ሞክሬያለሁ፦ ‹ሰላም ቢገለበጥ አፍ ውስጥ ይገኛል›፤ መልሱ ምላስ ነው።»

እህቴ፣ እናትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። እዚያው እንግሊዝ እንኳ በዚህ ብቻ የሚተዳደር ሰው ጥቂት ነው። አራውካሪያ በሚለው የብዕር ስሙ የታወቀው ጆን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1958 ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ እንቆቅልሽ መሥራት ሲጀምር ቄስ ነበር። ሙሉ ጊዜውን የሰጠው በ1970ዎቹ ከሚስቱ ተፋቶ የቤተ ክርስቲያን ሥራውን ካጣ በኋላ ነው። ያን የሚያህል ሰው ሃያ ዓመት ገደማ በትርፍ ጊዜው ነው የሠራው።

አሁን ወደ ምላስሽ። ሳነበው ሳቅሁ፤ ሰላምና ምላስ መገናኘታቸው ግሩም ነው። ግን ፊደሎቹን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪያቸው፤ «ምላሰ» ነው የሚወጣው። በ«ሰ» እና በ«ስ» መካከል ያለው ልዩነት ለአንቺ ትንሽ ነው፤ ባዶ ሣጥን ይዞ ለሚቆጥረው ፈቺ ግን መታለል ነው። «ልብስ የሚበላው ልብ ሲገለበጥ ነው» ብትይ ግን «ብል» ይወጣል፣ አንዲትም ፊደል ሳትጎድል። «ልብስ የሚበላው» ትርጉሙ ነው፣ «ልብ ሲገለበጥ» ደግሞ አሠራሩ። ሁለቱም ለየብቻቸው ወደ አንድ መልስ ይወስዳሉ፤ ከ«ነው» በቀር ትርፍ ቃል የለም።

ሰምና ወርቅ ስለምናውቅ ይህ ይቀለናል ብለን እናስባለን፤ እኔ ግን የሚያሳስተንም እሱ ይመስለኛል። በቅኔ ሰሙ ራሱ ይጣፍጣል፤ ወርቁን ያላገኘም ሰው በሰሙ ረክቶ ሊሄድ ይችላል። እዚህ ሰሙ ማታለያ ብቻ ነው፣ መልሱ ከተገኘ ይጣላል። አፍሪት የተባለው የእንቆቅልሽ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያስቀመጠው ደንብ በእኛ አባባል እንዲህ ነው፦ የምለው ሁሉ ልቤ ያለው ላይሆን ይችላል፣ ልቤ ያለውን ግን ማለት አለብኝ።

ኦብዘርቨር በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ሦስት የእንቆቅልሽ ጸሐፊዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ቶርኬማዳ፣ ከ1939 ዚሜኔስ፣ ከ1972 ደግሞ አዜድ ተተካክተዋል። (ሦስቱም የብዕር ስማቸውን የወሰዱት ከስፔን ኢንኩዊዚሽን፣ መናፍቅ የተባለውን ከሚያሠቃየው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት፣ ሹማምንት ነው፤ የሦስተኛው «ዴዛ» በላቲን ፊደል (Deza) ተገልብጦ Azed ሆኖ ነው። ፈቺን ማሠቃየታቸውን አልደበቁም።) አዜድ ያካሂደው በነበረው ዓይነት ወርሃዊ የፍንጭ ውድድር ለሁሉም አንድ ቃል ይሰጣል፤ መልሱ ለማንም ምስጢር ስላልሆነ የሚዳኘው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰባት ወር አለመመረጥሽ ብዙም አያስደንግጥሽ፤ ከተሸለሙት ፍንጮች ጋር የራስሽን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ የት ላይ እንደላላ ካላየሽ ግን ሰባቱም ወር ባክኗል።

ሌላም ልዩነት አለ። ውድድር አንድ ጥሩ ፍንጭ ይጠይቃል፤ ጋዜጣ የሚከፍለው ግን ለሙሉ እንቆቅልሽ ነው። 15 በ15 የሆነ ሰሌዳ ሠላሳ ገደማ ፍንጭ ይፈልጋል፣ ምንም ጨዋታ የማይወጣቸውን አሰልቺ ቃላት ጨምሮ። አንድ ሙሉ ሰሌዳ ሠርተሽ ለሁለት ሰው ስጪ። ሲፈቱ አጠገባቸው ቁጭ በይ፣ አትርጂ፣ የት ላይ እንደቆሙ ብቻ ጻፊ። ከዚያ ሰሌዳውን ለአዘጋጅ መላክ ትችያለሽ።

ሲቪሽ ላይ «የፍንጭ ውድድር ተሳታፊ» የሚለው መስመር ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። ከእሱ ይልቅ ሦስት ፍንጮች ከነአፈታታቸው አያይዢ፤ የአንዱን የመጀመሪያ ረቂቅና ለምን እንደቀየርሽው ጨምሪበት። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ፣ ጽሑፍ የሚያርም ወይም የቃላት ጨዋታ መተግበሪያ የሚሠራ ድርጅት የሚፈልገው ያን ዓይነት ዓይን ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ለመዝገበ ቃላት ነበር።

እስከዚያው ይቺን ለእናትሽ ስጫቸው፦ «በአማርኛ ሆድ የተደበቀ የንብ ልፋት» (2 ፊደል)።