«ሕይወቴ ተራ ነው» ላልሽኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። ባንክ ነው የምትሠራው፣ መስኮት ላይ። «ጋሼ፣ መጻፍ እወዳለሁ፤ ግን የምጽፈው የለኝም። ጠዋት በታክሲ ወደ ሥራ፣ ማታ በታክሲ ወደ ቤት። አልተሰደድኩ፣ ጦርነት አላየሁ፣ የሚወራ ፍቅር እንኳ አልያዘኝ። ሕይወቴ ተራ ነው። ከየት ልጀምር? ደግሞስ እንዲህ ያለ ሕይወት ትርጉሙ ምንድን ነው?» ትላለች።

ቶሎ ልመልስላት ነበር። ብዙ አንብቢ፣ በየቀኑ ጻፊ ምናምን ብዬ። ይህን ግን ማንም ይነግራታል፤ እሷም አታጣውም። «ተራ» ያለችው ነገር ግን የቆየ ጉዳይ ቀሰቀሰብኝና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ ኋላ ልወስዳችሁ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። የእናንተ ትውልድ ስለዚያ የደርግ ዘመን ሲወራ የሚሰማው እስሩንና ግድያውን ነው። እውነት ነው፤ እኛም ቤት ገብቷል። ግን በዚያው ዘመን በየገጠሩ ዳስ ተጥሎ፣ ገበሬው ከእርሻ፣ እናቶች ከወንዝ መልስ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ደርሷል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለማስተማር የደረሰኝ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው።

የምናስተምረው ማታ ማታ በፋኖስ ነበር። አንድ አዛውንት ተማሪ ነበሩኝ፤ ጠመኔውን እንደ እርፍ ጨብጠው ነው የሚጽፉት። ማንበብ አይፈልጉም፤ ቁጥር ብቻ። «ገበያ ላይ ሚዛን እንዳልታለል» ነው ምክንያታቸው። ቁጥሩን የቻሉ ዕለት አንድ ቁና ሽምብራ አምጥተውልኝ፣ መርቀውኝ፣ ትምህርቱን ተዉት። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚፈልጉትን አጥርተው ያወቁ ሰው ናቸው፤ ስንቶቻችን ነን እንደዚያ? ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንዲት እናት ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል። እማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው በ1969 ከሚሊሺያው ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ፣ ኦጋዴን ተዋግቶ፣ ከዚያ ወደ ኤርትራ ተሻግሯል። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ የሚልኩለት በሰው እያስጻፉ ነበር። እሳቸው የቤታቸውን ወሬ ይነግሩታል፤ ጸሐፊው ከላይ «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ይጨምርበታል። ፊደል ለመቁጠር የመጡት በገዛ እጃቸው ለልጃቸው ለመጻፍ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም።

አንድ ማታ ሁሉም ሲበተን እሳቸው ቀሩ። ከመቀነታቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከደብተር የተቀደደ ገጽ ነው፤ እርሳሱ በላብ ደብዝዟል። መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። «እስቲ እየው ልጄ፣ የተሳሳትኩት ካለ» አሉኝ። ሁሉንም አላስታውስም። የማስታውሰው ይህን ነው፤

«ልጄ ጻፍኩልህ። እኔ ነኝ። ቡሬ ልትወልድ ነው። ሆዷ መሬት ደርሷል። ጌሾው ደረቀ። አንተ ስላላጠጣኸው ነው። ጋቢህን አላጠብኩትም።»

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአርታኢነት ነው። ስንት የታወቀ ሰው ጽሑፍ በእጄ አልፏል። ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የሚያህል ግን አልገጠመኝም። ጋቢህን አላጠብኩትም። ለምን እንዳላጠቡት ልጁ ያውቃል፤ ማብራሪያ የለውም፣ ማልቀስ የለውም።

ያኔ ግን ገና ልጅ ነኝ። ግጥም እሞክራለሁ። በራዲዮ የሚሰማውና ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ብቻ ነው አማርኛ የሚመስለኝ። «የላምና የጌሾ ወሬ ግንባር ላለ ወታደር አይላክም» አልኳቸው። ቁጭ ብዬ አዲስ ጻፍኩ። «ውድ ልጄ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬ ካለህበት ግንባር ይድረስህ» ብሎ ይጀምራል። ስለ እናት አገር አለበት፣ ስለ ድል አለበት፣ ስለ እናት አንጀትም አንድ ያማረ አንቀጽ ነበረው። አነበብኩላቸው። ጨርሰው ሰሙኝና «ይሄ ሁሉ እኔ ያልኩት ነው?» አሉ።

«እርስዎ ያሉት ነው፤ አሳምሬው ነው እንጂ።»

አመኑኝ። የተማረ ነኛ። ከዚያ ያንን የኔን ደብዳቤ እያንዳንዱን ፊደል እያዩ፣ ስንት ማታ ፈጅቶባቸው በእጃቸው ገለበጡት። የራሳቸው ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም።

መልሱ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያነበቡት ራሳቸው ናቸው፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል። ልጁ ደህና ነው። ደብዳቤው ደርሶታል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ «ጸሐፊ ቀየርሽ እንዴ? ይሄኛው አያውቅሽም። ቡሬስ ወለደች?»

እማማ በሕይወታቸው የጻፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። የገዛ እጃቸው ጽሕፈት ነው። ልጃቸው ግን አላወቃቸውም፤ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አልተቆጡኝም። «ወረቀት ስጠኝ» ብቻ ነው ያሉት። ሰጠኋቸው። የዚያን ቀን የጻፉትን አላሳዩኝም፣ እኔም ልጠይቅ አልደፈርኩም። ብዙም ሳይቆይ የዘመቻ ጊዜዬ አልቆ ተመለስኩ። ልጁ ከዚያ ሁሉ ጦርነት ተርፎ ቤቱ ይግባ አይግባ ሳልሰማ ቀረሁ። ዘመን ተቀየረ፣ መንግሥት ተቀየረ፣ በዚያ መንገድ ለሥራ ስንት ጊዜ አለፍኩ። አንድም ቀን ከመኪና ወርጄ አልጠየቅሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ።

የእናንተን ጽሑፍ በየቀኑ አነባለሁ፤ ቴሌግራም ላይም፣ ፌስቡክ ላይም። ጎበዞች ናችሁ። በእናንተ ዕድሜ እኛ እንዲህ ደፍረን አንጽፍም ነበር። ግን አብዛኛው ያው እኔ ለእማማ የጻፍኩት ደብዳቤ ነው፤ ቃሉ ብቻ ነው የተቀየረው። ያኔ «ትግል» ነበር፣ ዛሬ «ስኬት» ሆነ። ያኔ «ንቃት»፣ ዛሬ «ራስህን አግኝ»። አንድ ልጅ እናቱ ሞታበት የጻፈውን በቅርቡ አነበብኩ። ከላይ እስከ ታች ጥቅስ ነው። ሴትየዋ ቡናዋን በጨው ትጠጣ በስኳር፣ ስትቆጣ ምን ትል እንደነበር፣ አንድ መስመር የለም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቶ ግን ልጁ አሳዘነኝ። ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ የሚናገርበትን ቃል ነው የቀሙት። አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ ማሽን አስጽፎ የሚለጥፍ መጥቷል።

በየአስፋልቱ ዳር የሚሸጡትን ራስን የማሻሻል መጻሕፍት አልጠላም። ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሥራው እንዲሄድ ከረዱት እሰየው። ግን ሁላችሁንም በአንድ አፍ እንድትናገሩ አድርገዋችኋል።

እንዳመጣልሽ ጻፊ ማለቴ ደግሞ አይደለም። ሳይታረም የወጣ ጽሑፍ ያመኛል፤ ደጋግመሽ ያልጻፍሽውን ነገር ለሰው አታሳዪ። ሰርዢ፣ ቀንሺ፣ የምትጽፊያት ሴት ያላለችውን ግን አትጨምሪባት። እንዲያውም ስለ መቀነሱም እርግጠኛ አይደለሁም። የእማማን ወረቀት ዛሬ ቢሰጡኝ አንዲት ቃል አልነካም።

ደግሞ አንቺ መስኮት ላይ ተቀምጠሽ የምጽፈው የለኝም ትያለሽ! ልጆቻቸው ከቤይሩትና ከሪያድ የላኩላቸውን ሐዋላ ሊቀበሉ እናቶች የሚመጡት አንቺ ጋ አይደለም እንዴ? መፈረም ስለማይችሉ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የሚያትሙት አንቺ ፊት ነው። ያ ሁሉ ዘመቻ ተዘምቶ ዛሬም በጣት የሚፈርም ሰው መኖሩ ያንገበግበኛል፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ግን ብሩን ሲቀበሉ ምን ይላሉ? የልጃቸውን ስም እንዴት ነው የሚጠሩት፣ በዓለም ስሟ ነው በቤት ስሟ? ከብሩ ላይ መጀመሪያ ነጥለው የሚያስቀምጡት የምንድን ነው? የቀለሙን ጣት በምን ይጠርጉታል? ይህን ከአንቺ በቀር የሚያየው የለም። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ እንኳ አያየውም።

በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ስለ ሕይወት ትርጉም አንስተሻል። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። እማማ ፊደል ሲቆጥሩ ትርጉም ፍለጋ አልነበሩም፤ ለአንድ ሰው የሚነግሩት ወሬ ነበራቸው፣ በቃ። አንቺስ ለማን ነው የምትጽፊው? ለተከታይ ነው እንዳትይኝ። አንድ ሰው ንገሪኝ፤ እህትሽ ትሁን፣ ድሮ ክፍል አብራሽ የተማረች ልጅ ትሁን። ያ ሰው «ይቺ እሷ ናት» እስኪል ድረስ ጻፊ።

እና ነገ ከሚመጡት አንዷን ምረጪና ማታ ቤትሽ ስትገቢ ጻፊያት። ያለችውን እንዳለችው፣ በአገሯ አነጋገር፣ ሰዋስዉ ባይገጥምም። ስሟንና የብሩን ልክ ግን ተይው፤ የሰው ምስጢር ነው፣ ከሥራሽም ያጣላሻል።