ከዲግሪ በኋላ፣ ከፒኤችዲ በፊት፦ አሜሪካ ላሉ የባዮሜዲካል ተመራቂዎች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ጻፉ፦ የመኖሪያ ወረቀታችሁን፣ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ የሠራችሁትን ወር። ያለ እነዚህ መልስ የለም።

ሜሮን፦ ዶክተር፣ ግሪን ካርድ አለኝ። አምና ባዮሎጂ ተመረቅሁ፤ ጂፒኤ 2.9፣ ላብ አንድ ሰመር ብቻ። ዘንድሮ ለፒኤችዲ ላመልክት?

መላሽ፦ አታመልክቺ፤ አንድ ሰመር አይበቃም። ፖስትባክ ግቢ፤ እየተከፈለሽ አንድ ሁለት ዓመት ላብ ትሠሪያለሽ። ሜሪላንድ ያለው የኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ፖስትባክ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ይቀበላል፤ ዲግሪው ከሦስት ዓመት ማለፍ የለበትም። በዩኒቨርሲቲዎች የነበረው ፕሬፕ የሚባል ፖስትባክ በሳይንሱ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆኑ ወገኖች ለመጡ ተመራቂዎች የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ከ2025 ወዲህ የፌዴራሉ ገንዘብ ስለተቋረጠ ድረ ገጹን አትመኚ፣ ለአስተባባሪው ጻፊ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሰኔ ጀምረሽ ለዚያው ዓመት የዲሴምበር 1 ማመልከቻ ማብቂያ ካመለከትሽ በእጅሽ ያለው የአምስት ወር ሥራ ነው። በሁለተኛው ዓመት አመልክቺ።

ዳዊት፦ እኔ ኤፍ1 (የተማሪ ቪዛ)፣ ኦፒቲ (ከምረቃ በኋላ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ) ላይ ነኝ። ላብ ስምንት ወር።

መላሽ፦ የኤንአይኤች ፖስትባክም ፕሬፕም አይሆኑህም። የላብ ቴክኒሽያን ሥራ ፈልግ። የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ሒሳብ) ዲግሪ ከሆነ በኦፒቲው 12 ወር ላይ 24 ይጨመርልሃል፤ አሠሪው ኢ-ቬሪፋይ (የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ ማጣሪያ የመንግሥት ሥርዓት) ውስጥ መኖሩን ቀድመህ አጣራ።

ሳምሶን፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሜዲካል ስኩል አይሻልም?

ሊያ፦ ብድሩን አንተ ትከፍላለህ? ፒኤችዲ ትምህርቱ በነፃ፣ ስታይፔንድም (የኑሮ አበል) አለው።

ሳምሶን፦ በስታይፔንድ ቤት አይገዛም። ቢያንስ ማስተርስ ይቅደም።

መላሽ፦ ማስተርስ ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው፤ ለባዮሜዲካል ፒኤችዲም ግዴታ አይደለም። የሜዲካል ስኩሉን ክርክር ሌላ ቦታ።

ቤቲ፦ ዜጋ ነኝ፣ ላብ 14 ወር። ስቴትመንቴን (ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ጽሑፍ) «ከልጅነቴ ሳይንስ እወዳለሁ» ብዬ ጀምሬዋለሁ።

መላሽ፦ ሰርዢው። «ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን መለያ ሙከራ) ሠርቻለሁ» የሚለውንም ጨምረሽ። ጥያቄው ምን ነበር? ያ ፕሮቲን ለምን ተመረጠ? ባንዱ (ፕሮቲኑን የሚያሳየው መስመር) ሲደበዝዝ ፕሮቲኑ ቀንሶ ነው ወይስ ናሙናው እኩል ስላልተጫነ? በምን ለየሽው፣ ለማነጻጸሪያ በሚወሰደው ፕሮቲን በአክቲን? የአክቲኑ ባንድ ራሱ እጅግ ከጠቆረ ልዩነት አያሳይም፤ ጠያቂ ፕሮፌሰር እዚያ ላይ ይይዝሻል። ስንት ጊዜ ደገምሽው? ከአንድ ሳህን ሴል የተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ሦስት ሙከራ አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ያልሠራውንም ጻፊ፤ ለምን እንዳልሠራና ቀጥሎ ምን እንደለወጥሽ። «እኛ» እያልሽ አትለፊ፣ የእጅሽ ሥራ የቱ እንደሆነ ይታይ።

የድጋፍ ደብዳቤው ደግሞ ከጂፒኤ በላይ ነው። ሦስት ያስፈልጋል፤ ቢቻል ሁለቱ ላብ ውስጥ ካዩሽ ሰዎች። «ክፍሌ ውስጥ ኤ አግኝታለች» የሚል ደብዳቤ ምንም አይጨምርም፤ ኤው ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። በየቀኑ የሚያሠራሽ ፖስትዶክ (ፒኤችዲውን የጨረሰ ተመራማሪ) ከሆነ እሱ ይጻፈው፣ ፒአዩ (የላቡ ኃላፊ) አብሮ ይፈርም። ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቂ፤ ሲቪና የስቴትመንቱን ረቂቅ አያይዢ።

ናሆም፦ ሆስፒታል ሐኪም ተከትዬ 200 ሰዓት አለኝ። ይቆጠራል?

መላሽ፦ አይቆጠርም። ወረቀትህስ? የላብ ወርህስ?

ሊያ፦ የመግቢያ ፈተናው ጂአርኢስ?

መላሽ፦ አብዛኞቹ ትተውታል። የፕሮግራሙን ገጽ አንብቢ።

ሜሮን፦ የማመልከቻ ክፍያውስ? ለአሥር ዩኒቨርሲቲ ከባድ ነው።

መላሽ፦ ብዙዎቹ ክፍያውን ይተዉልሻል፤ ፎርሙን ከመላክሽ በፊት ጠይቂ። አንዴ ከከፈልሽ አይመለስም።

ኪዳኔ፦ ሰላም ዶክተር፣ ፒኤችዲ መማር እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መላሽ፦ ወረቀትህን ጻፍ። የላብ ወርህን ጻፍ። ከላይ ጀምረህም አንብብ።