የጓሮ ጥያቄዎች፦ ካሮቴ ለምን እግር አወጣ?

ጥያቄ፦ ከቤታችን ጀርባ ሁለት ሜትር በሦስት የምትሆን ባዶ ቦታ አለችን። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። የካሮት ዘር ገዝቼ በሣጥን ውስጥ አፈላሁትና ቡቃያው ጣት ሲያህል እንደ ጎመን ችግኝ አውጥቼ መደብ ላይ ተከልኩት። ከጎረቤት ያገኘሁትን የላም እበትም በዚያው ቀን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ። ቅጠሉ የሚያስቀና ነበር። ስነቅለው ግን አንዱ ሁለት እግር፣ ሌላው ሦስት እግር፣ ሁሉም ጢም ያበቀለ ሆኖ አገኘሁት። ልጆቼ እስካሁን ይስቁብኛል። ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የአፈሩ? ዘሩን የሸጠልኝን ሰው ምን ልበለው? (ከአቃቂ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጩን ምንም አይበሉት። ዘሩ በቅሏል፤ ከዘር የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ዋልካው የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ጥፋት ከዘሩም ከአፈሩም አይደለም፤ ያዛወረው እጅ ነው።

የካሮት ዘር ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚያደርገው ክር የመሰለ ቀጭን ሥር ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መስደድ ነው። ላይ ሁለት ደቃቅ ቅጠሎች ብቻ እየታዩ ሥሩ ከታች ብዙ ርቀት ይሄዳል። ኋላ የሚወፍረው ያው ክር ነው። ቡቃያውን ነቅለው ሲያዛውሩ የክሩ ጫፍ ይበጠሳል ወይም ይታጠፋል። ጫፉ የተበጠሰ ሥር የጎን ሥሮቹን ያሳድጋል፤ እግር ያሉት እነዚያን ነው። ጎመንን ስናዛውረው የማይጎዳን ሥሩን ስለማንበላው ነው። ካሮት ግን በተዘራበት ቦታ ማደግ አለበት። ችግኝ ላይ ያለን ፍቅር የታወቀ ነው፣ እዚህ ላይ ግን አይሠራም።

ትኩስ እበት ደግሞ ቅጠል ያስቆነጅና ሥሩን ያበላሻል። ጢሙም አንዱ ምንጩ እሱ ነው። ለካሮት የሚሆነው ፍግ ወራት የፈጀ፣ ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር የሚል ብቻ ነው። ከዚህም የሚሻል ዘዴ አለ፦ ፍጉን ለጎመን ይስጡት፣ ጎመኑ ሲነሣ በዚያው መደብ ላይ ሌላ ፍግ ሳይጨምሩ ካሮት ይዝሩ። ዩሪያም እንደ እበቱ ነው፤ ለጓሮ ካሮት ዩሪያ ሲበትን ያየሁት ሰው ሁሉ ያጨደው ቅጠል ነው።

ወደ ዋልካው ልምጣ። እኔ የምኖረው እንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ላይ ስለሆነ ከእናንተ ይልቅ ይቀለኛል። ዋልካ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካሮት በሁለቱም ይጎዳል። ብዙ ሰው ጥቂት አሸዋ ቀላቅሎ ሊያለሰልሰው ይሞክራል። ጥቂት አሸዋ በዋልካ ላይ ትርፉ ድካም ነው። እርስዎ ያለዎት ቦታ ትንሽ ስለሆነ መደቡን ከፍ ያድርጉት፦ ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በጣውላ ይያዙና ከተብላላ ብስባሽ ጋር የተቀላቀለ ለስላሳ አፈር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይሙሉበት። ስፋቱ ከአንድ ሜትር አይለፍ፤ መሐሉን ሳይረግጡ ከሁለቱም በኩል በእጅ መድረስ አለብዎት። ጓሉን ሁሉ ያድቅቁ፣ ጠጠሩን ይልቀሙ። ጠጠር የገጠመው ሥርም ሹካ ይሆናል።

በገበያ በብዛት የሚገኙት ናንተስና ሻንተኔ የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው። ናንተስ ረዘም ብሎ ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ ልቅ አፈር ይፈልጋል። ሻንተኔ አጭርና ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ከበድ ያለ አፈርን ይችላል። ለእርስዎ ሻንተኔውን እመርጣለሁ። የመጠቀሚያ ጊዜው የተጻፈበትን የታሸገ ዘር ይግዙ፤ የካሮት ዘር ሲያረጅ የመብቀል ኃይሉ ቶሎ ይደክማል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በአቃቂ ክረምት መዝራት ውሃ በቋጠረ አፈር ላይ ዘር ማበስበስ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ይዝሩ። መስከረም አጋማሽ ላይ የተዘራ ካሮት፣ ውሃ ካልተጓደለበት፣ ለገና ይደርሳል።

ብተናውን ይተዉት። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ በመደቡ ላይ መስመር ያውጡ፤ ጥልቀቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ቢያፈሱት አንድ ቦታ አይከመርም። ላዩን በደቀቀ ብስባሽ እንጂ በዋልካ አይሸፍኑት፤ የዋልካ ቅርፊት ሲደርቅ ቡቃያው ሰብሮት አይወጣም።

አሁን ሰዎች የሚያዝኑበት ሥራ ይመጣል፦ ማሳሳት። ቡቃያው ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ መደቡን ውሃ ያጠጡና በየ4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር አንድ አንድ አስቀርተው ሌላውን ይንቀሉ። የነቀሉትን መልሰው አይትከሉት፤ የዛሬው ጥያቄዎ የመጣው ከዚያ ነው። ማሳሳት ያሳዘነው ሰው ጣት የማያህል ካሮት ሲያጥብ ይውላል። ኋላ ሥሩ ሲወፍር ትከሻው ከአፈር ብቅ ካለ አፈር ያስታቅፉት፤ ፀሐይ ያገኘው ትከሻ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራልም። ውሃውንም አያዛንፉበት፤ ብዙ ቀን ተጠምቶ በአንድ ጊዜ የጠጣ ካሮት ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ካሮት ከዘራሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ ምንም የለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ገልብጬ ሌላ ልዝራበት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይገልብጡት። ካሮት በደህና ሙቀትም ቢሆን ለመብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር ሦስት ሳምንት ቢዘገይ አይደንቅም። የሚያሰጋኝ ውሃው ነው። ማበጥ የጀመረ ዘር መሐል ላይ ከደረቀ ያበቃለታል። መደቡን በረጠበ ጆንያ ይሸፍኑት፣ ጆንያውን ጠዋትና ማታ ያርጥቡት፤ ለዚህ አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል፣ አትክልት የታጠበበትም ቢሆን። በየማለዳው ጥጉን ገለጥ አድርገው ይዩ። የመጀመሪያዋን ቡቃያ ያዩ ዕለት ጆንያውን ያንሡ፤ አንድ ሁለት ቀን ካሳደሩት ቡቃያው ቢጫና ቀጫጫ ይሆናል። ሦስት ሳምንት ሞልቶ ምንም ካላዩ ያኔ ሌላ ዘር ይግዙ።

ጥያቄ፦ ካሮቴ መልኩ ያማረ ነው፣ ግን ይመራል። አፈሩ ላይ ምን ልጨምር? (ከአዳማ)

መልስ፦ ምንም አይጨምሩ። ካሮት ጣፋጭ የሚሆነው በደጋና በወይና ደጋ ቅዝቃዜ ነው፤ የአዳማ ሙቀት ይበዛበታል። ቀዝቀዝ በሚለው ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ እንዲያድግ አድርገው ይዝሩት፤ ሳያረጅም ይንቀሉት። ከነቀሉ በኋላ የት እንደሚያስቀምጡት ግን አልነገሩኝም። ከሙዝ፣ ከማንጎ ወይም ከአቮካዶ ጋር በአንድ ቅርጫት ከሆነ ምሬቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ፍራፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ካሮትን ያመራል። ቅጠሉን ቆርጠው ለብቻው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት።