«ዘወረደ» ማን ነው? የዐቢይ ጾም እሑዶች ስምና የቅዱስ ያሬድ መዝሙሮች

ጥያቄ፦ የዐቢይ ጾም እሑዶች ስም ትርጉሙ አልያያዝ ይለኛል። «ዘወረደ» ማለት «የወረደ» ከሆነ አንድ እሑድ እንዴት «የወረደ» ተብሎ ይጠራል? «የዘወረደ እሑድ» ስንልስ «የ»ን ሁለት ጊዜ መናገራችን አይደለም? ስድስተኛውን እሑድ ደግሞ አንዱ «ገብር ኄር»፣ ሌላው «ገብረ ኄር»፣ ሌላው «ገብርሔር» ብሎ ይጽፈዋል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ስሞቹ የተቆረጡ የሚመስሉት በእርግጥም የተቆረጡ ስለሆኑ ነው። በየእሑዱ ከሚዘመረው የቅዱስ ያሬድ መዝሙር የተወሰዱ ቃላት ናቸው፤ ብዙዎቹም የመዝሙሩ መነሻ ናቸው። መዝሙሩን የሚያውቅ ሰው «ዘወረደ» ሲባል ቀሪው በጆሮው ይሞላለታል። መዝሙሩን ለማያውቅ ግን ቃሉ ባለቤትም ማሰሪያም የሌለው ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለጠየቁኝ ሁሉ መልሱ የሚገኘው ጾመ ድጓ ውስጥ ነው።

ጾመ ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ለዐቢይ ጾም የደረሰው የዜማ መጽሐፍ ነው። አንድን ድርሰት በመነሻው መጥራት በግእዝ ትምህርት ቤት የቆየ ልማድ ነው። ቅዳሴ ማርያምን ካህናቱ «ጎሥዐ» ይሉታል፤ «ጎሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ» (ልቤ በጎ ነገርን አወጣ) ብሎ ስለሚጀምር። የጌታን ጸሎት «አቡነ ዘበሰማያት» የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዕብራውያንም ኦሪት ዘፍጥረትን የሚጠሩት በመጀመሪያው ቃል «በሬሺት» ብለው ነው። ተማሪው ድጓውን (የያሬድን የዜማ መጽሐፍ) ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ በሚይዝበት ትምህርት፣ መነሻው ቃል የመዝሙሩ መያዣ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ዛሬ በድጓው መስመሮች ላይ የምናያቸው የዜማ ምልክቶች የተሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። እነርሱም ቢሆኑ በአብዛኛው ከታወቁ የመዝሙር ቃላት የተቆነጠሩ ፊደላት ናቸው።

ወደ መጀመሪያው እሑድ እንመለስ። መዝሙሩ እንዲህ ይላል፦ «ዘወረደ እምላዕሉ አይሁድ ሰቀሉ፤ ወሚመ ኢያእመሩ እግዚአ ኵሉ ዘየሐዩ በቃሉ።» በአማርኛ «ከላይ የወረደውን አይሁድ ሰቀሉት፤ በቃሉ የሚያድን የሁሉ ጌታ መሆኑንም አላወቁም» እንደማለት ነው። የወረደው እንግዲህ እሑዱ አይደለም፤ ክርስቶስ ነው። ደግሞም «ዘወረደ» በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሳቢ መሆኑን ያስተውሉ፤ «የወረደው» ሳይሆን «የወረደውን» ነው። ከሰማይ የወረደው ገና በመጀመሪያው ስንኝ ተሰቅሎ ይገኛል። መውረዱና መሰቀሉ በአራት ቃላት ተገናኝተዋል፤ የ55 ቀኑ ጾም መነሻና መድረሻ አንድ መስመር ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ቤቱንም ይስሙት፦ እምላዕሉ፣ ሰቀሉ፣ ኵሉ፣ በቃሉ። «ሰቀልዎ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ይፈርስ ነበር። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይነኩ እንዲህ ያለው የቃል ምት ጎልቶ ይሰማል። ይህን መዝሙር በመቋሚያ ብቻ ሲዘመም የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል።

«አይሁድ» የሚለውን ቃል በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም። መዝሙሩ የዮሐንስን ወንጌል አነጋገር ተከትሎ በጌታ ላይ የተነሡትን የዚያን ጊዜ ሰዎች ያነሣል እንጂ በየዘመኑ የሚኖረውን ሕዝብ አይከስም። ጌታም እናቱም ሐዋርያቱም ከዚያው ሕዝብ ነበሩ።

ይህ ሳምንት «ጾመ ሕርቃል» የሚል ሌላ ስምም አለው። ያ ከመዝሙር የመጣ አይደለም፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስቀሉን ከፋርስ ካስመለሰው ከሮሙ ንጉሥ ከሕርቃል ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው እሑድ «ቅድስት» በአንስታይ ጾታ የተጠራው መዝሙሩ የሰንበትን ቅድስና ስለሚናገር ነው፤ ሰንበት በግእዝ በአንስታይ ትነገራለችና። ሦስተኛው «ምኵራብ» ደግሞ «ቦአ ኢየሱስ ምኵራበ አይሁድ» (ኢየሱስ ወደ አይሁድ ምኩራብ ገባ) ከሚለው የተወሰደ ነው። አምስተኛው «ደብረ ዘይት» ጌታ በተራራው ተቀምጦ ስለ ዳግም ምጽአቱ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸውን ያስታውሳል፤ በጾሙ መካከል ስለሚውል «እኩለ ጾም»ም ይባላል።

አራተኛው «መጻጉዕ» ላይ ግን ልቆይ፤ ስሕተቱ በዝቷልና። «መጻጉዕ የሚባል ሰው ነበር» ሲባል በየስብከቱ እንሰማለን። መጻጉዕ የሰውየው ስም አይደለም። ደዌ አልጋ ላይ የጣለው፣ ሰውነቱ የማይታዘዝለት ሰው ማለት ነው፤ ሲበዙም «መጻጉዓን» ይባላሉ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የታመመው ሰው ስሙ አልተጻፈም። ስለዚህ «መጻጉዕ የነበረው ሰው» ወይም «መጻጉዑ» እንበል። የበሽታውን ስም የተጸውኦ ስሙ ስናደርገው፣ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» ተብሎ የተላቀቀውን ደዌ መልሰን እናሸክመዋለን።

አሁን ወደ ስድስተኛው እሑድ። ትክክሉ «ገብር ኄር» ነው፤ የሚያስረዳውም መዝሙሩ ነው፦ «መኑ ውእቱ ገብር ኄር ወምእመን» (በጎና ታማኝ አገልጋይ ማን ነው?)። ኄር ቅጽል ነው፣ «በጎ፣ ቸር» ማለት፤ ገብር ደግሞ ስም ነው፣ «ባሪያ፣ አገልጋይ» ማለት። ቅጽል ስምን ሲገልጽ ስሙ መጨረሻውን አይለውጥም። ስም ለስም ሲዛረፍ ግን የፊተኛው በግእዝ ፊደል፣ ማለትም በመጀመሪያው ረድፍ (እንደ «ረ»)፣ ይጨርሳል፤ ገብረ መስቀል «የመስቀል አገልጋይ»፣ ገብረ ማርያም «የማርያም አገልጋይ» ነው። «ደብር» የሚለው ቃል «ደብረ ዘይት» የሆነው በዚህ ሕግ ነው። እንግዲህ «ገብረ ኄር» ብለው ሲጽፉ «የቸሩ አገልጋይ» ማለትዎ ነው፤ በጎነቱ ከአገልጋዩ ተነሥቶ ወደ ጌታው ሄደ። መዝሙሩ የሚያመሰግነው ግን አገልጋዩን ነው። «ገብርሔር»ን በተመለከተ፣ ሁለት ቃላት ስለሆኑ ተለያይተው ይጻፉ፤ ፊደሉም ብዙኃኑ «ኀ» ነው። «ኂሩት» የሚለውን የሴት ስም የሚያውቅ አይሳሳትም፤ በጎነት፣ ቸርነት ማለት ነውና ከኄር ጋር አንድ ሥር አለው።

እዚያው መዝሙር ውስጥ «ምእመን» የሚለውም ያሳስታል። በዛሬው አማርኛ ምእመን ስንል አማኙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ልጅ ማለታችን ነው። በመዝሙሩ ግን «የሚታመን፣ ዐደራ የሚሰጠው» ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት የተቀበሉት ሦስት አገልጋዮች የተለያዩት በዚህ ነው። መክሊት ያን ጊዜ በሚዛን የሚለካ ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ነበር። አማርኛው «መክሊቱን አገኘ» እያለ ለተፈጥሮ ስጦታ የሚጠቀምበት ከዚህ ምሳሌ የተነሣ ነው።

ሰባተኛው እሑድ ኒቆዲሞስ እውነተኛ የሰው ስም ነው፤ መዝሙሩም «ሆረ ኀቤሁ ዘስሙ ኒቆዲሞስ» (ኒቆዲሞስ የሚባል ሰው ወደ እርሱ ሄደ) ይላል። «ዘስሙ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ደግሞም ጌታ «ከሰማይ ከወረደ በቀር ወደ ሰማይ የወጣ ማንም የለም» ያለው ለዚሁ ሰው ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው እሑድ ስምና ሰባተኛው እሑድ በአንድ የሌሊት ጭውውት ይገናኛሉ። ስምንተኛው ሆሳዕና ከዕብራይስጥ የመጣ ልመና ነው፤ «እባክህ አድን» ማለት ነው። የግእዙ ዳዊት በመዝሙር 117 «ኦ እግዚኦ አድኅንሶ» ብሎታል። ዛሬ እንደ እልልታ የምንሰማው ቃል መነሻው ጩኸት ነው።

የቀረው «የዘወረደ» ነው። የግእዙ «ዘ» እና የአማርኛው «የ» አንድ ሥራ መሥራታቸውን በትክክል አስተውለዋል። ነገር ግን «ዘወረደ» በአማርኛ ውስጥ ከዐረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ስም ሆኗል። ስም ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ስም «የ»፣ «በ»፣ «ከ» ይቀበላል፤ የዘወረደ ምስባክ፣ በዘወረደ ሳምንት፣ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና። ድግግሞሽ አይደለም፤ ሳይሳቀቁ ይጻፉት። «የወረደ እሑድ» ብለው ቢተረጉሙት ግን እሑዱን ራሱን አወረዱት ማለት ነው።